የኤሌክትሮሾክ ሕክምና

የኤሌክትሮሾክ ሕክምና ወይም የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ማለት ማደንዘዣ ወስዶ በተኛ ሕመምተኛ ጭንቅላት ላይ ለጥቂት ሰከንዶች አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት በማሳለፍ፣ በቁጥጥር ሥር የሚካሄድ አጭር የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ እንዲፈጠር በማድረግ ከባድ የአእምሮ ሕመምን የማከም ዘዴ ነው። የሚያክመው ኤሌክትሪኩ ራሱ ሳይሆን በአንጎል ውስጥ የሚፈጠረው መንቀጥቀጥ እንደሆነ ይታመናል።

ሕክምናው ለማንኛውም የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ አይደለም። በዋናነት የሚያስፈልገው መድኃኒት ላልረዳቸው ወይም መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ ለመቆየት ጊዜ ለሌላቸው ሰዎች ነው። ምግብና ውሃ ያቆመ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ የቀረ ወይም ራሱን ለማጥፋት የቆረጠ ሕመምተኛ ከእነዚህ ይመደባል። ስለዚህ ስለ ኤሌክትሮሾክ ሲነገር ከመሣሪያው እኩል የሚነሳው ጥያቄ ሕመምተኛው በስንት ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል የሚለው ነው። ይህ መጣጥፍ የሕክምናውን ምንነት፣ ታሪክና አሠራር ከገለጸ በኋላ ጉዳዩን ከኢትዮጵያ፣ በተለይም ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ አካባቢ አንጻር ያቀርባል።

ስያሜ

«ኤሌክትሮሾክ» የሚለውን ቃል ያወጡት ሕክምናውን የጀመሩት ጣሊያናውያን ናቸው። በሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ «ኢ.ሲ.ቲ.» በሚለው አሕጽሮት ይታወቃል። በአማርኛ «የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና» የሚባል ሲሆን በተለምዶ ንግግር «ኮረንቲ» ወይም «ሾክ» ሲባልም ይሰማል። እነዚህ ቃላት በሕዝቡ ዘንድ አደጋን፣ ማለትም ሽቦ የነካን ሰው መያዝን ስለሚያስታውሱ ብዙ ሰው ሕክምናውን ገና ከስሙ ይፈራዋል። ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ ሕክምናው በተገቢው መንገድ ሲሰጥ ሕመምተኛው ተኝቶ ስለሚቆይ ንዝረቱን አይሰማውም።

ታሪክ

መንቀጥቀጥን ለሕክምና የመጠቀም ሐሳብ የመጣው ከኤሌክትሪክ በፊት ነው። የሀንጋሪው ሐኪም ላዲስላስ ሜዱና እ.ኤ.አ. በ1934 በቡዳፔስት የካምፎር ዘይት፣ ቀጥሎም ሜትራዞል የተባለ መድኃኒት በመርፌ እየሰጠ በስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞች ላይ መንቀጥቀጥ ያስነሳ ነበር። መነሻው የሚጥል በሽታና ስኪዞፍሬንያ በአንድ ሰው ላይ አብረው አይኖሩም የሚል ግምት ሲሆን ይህ ግምት በኋላ ትክክል አለመሆኑ ታውቋል። ሆኖም ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ፣ በተለይም ደርቀው የቀሩት፣ ተሻሽለው ነበር። ችግሩ መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን እስኪያመጣ ድረስ በሕመምተኛው ላይ ከፍተኛ ፍርሃት ማሳደሩ ነበር።

በሮም የነበሩት ኡጎ ቼርሌቲና ሉቺዮ ቢኒ መድኃኒቱን በኤሌክትሪክ ለመተካት አሰቡ። ቼርሌቲ በሮም ቄራ አሳማዎች ከመታረዳቸው በፊት በኤሌክትሪክ እንዲደነዝዙ ሲደረግ ተመልክቶ፣ ጅረቱ ብቻውን እንደማይገድላቸው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1938 (በ1930 ዓ.ም.) በሮም ባቡር ጣቢያ ሲንከራተት የተገኘና ንግግሩ የማይገባ አንድ ሰው የመጀመሪያው ታካሚ ሆነ። ሰውዬው በተከታታይ ከታከመ በኋላ ንግግሩ ተስተካክሎ ከሆስፒታል ወጣ። ዘዴው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፋ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕክምናው ያለ ማደንዘዣ ይሰጥ ነበር። መንቀጥቀጡ መላ ሰውነትን ስለሚያናውጥ የጀርባ አጥንት መሰበር፣ የጥርስ መጎዳትና የመገጣጠሚያ መውለቅ ይከሰት ነበር። ከዚህም በላይ በአንዳንድ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያዎች አስቸጋሪ የተባሉ ሰዎችን ለመቅጣትና ጸጥ ለማሰኘት፣ እንዲሁም ሕመም ባልሆኑ ነገሮች ምክንያት ያለአግባብ ጥቅም ላይ ውሏል። ኬን ኬሲ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» የተሰኘ ልብ ወለድና በ1975 የወጣው ፊልም ይህን ገጽታ በዓለም ሕዝብ አእምሮ ውስጥ ተክለውታል።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ለውጦች መጡ። አንደኛው ከማደንዘዣ ጋር ሳክሲኒልኮሊን የተባለ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት መስጠት መጀመሩ ሲሆን፣ በዚህም የአጥንት ስብራት ችግር በአብዛኛው ተወገደ። ሁለተኛው እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች መገኘት ነው። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሮሾክ የብዙኃን ሕክምና መሆኑ ቀርቶ ለተወሰኑ ከባድ ሁኔታዎች የሚቀመጥ ሆኗል።

አሠራር

ሕክምናው የሚሰጠው የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ የማደንዘዣ ባለሙያና ነርስ ባሉበት ክፍል ነው። ሕመምተኛው ከሌሊት ጀምሮ ይጾማል፤ ምክንያቱም በማደንዘዣ ጊዜ የሆድ ዕቃ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የልብ፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መቆጣጠሪያ ይገጠምለታል። ከዚያ በደም ሥር ማደንዘዣ ይሰጠውና ሲተኛ ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ይከተላል። መድኃኒቱ የመተንፈሻ ጡንቻዎችንም ለጥቂት ደቂቃዎች ስለሚያቆም ባለሙያው በጭምብል ኦክስጅን እየሰጠ ያስተነፍሰዋል። ምላስና ጥርስ እንዳይጎዱ በአፍ ውስጥ ለስላሳ መከላከያ ይደረጋል።

ጅረቱ የሚተላለፈው በሁለቱም ጆሮ ግንድ ወይም በቀኝ በኩል ብቻ በሚቀመጡ ሁለት ኤሌክትሮዶች ነው። የጅረቱ መጠን ከ1 አምፔር ያነሰ ሲሆን እጅግ አጫጭር በሆኑ ምቶች ተከፋፍሎ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆያል። የሚፈጠረው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ጡንቻው ስለላላ ከውጭ የሚታየው እንቅስቃሴ ጥቂት ነው። ባለሙያዎች መንቀጥቀጡን ለማየት ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የአንዱን እግር ቁርጭምጭሚት በደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ያስራሉ። መድኃኒቱ ወደ እግሩ ስለማይደርስ መንቀጥቀጡ በዚያ እግር ላይ ይታያል። ሕመምተኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል፤ እስኪረጋጋም ድረስ በማገገሚያ ክፍል ይቆያል።

አንድ የሕክምና ዙር በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ጊዜ የሚደርስ ሲሆን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሰጣል። መንቀጥቀጡ አንጎልን እንዴት እንደሚያሻሽል የሚያስረዱ የተለያዩ ሐሳቦች አሉ። በነርቭ ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሱ ኬሚካሎች መለወጣቸው፣ የአንጎል ክፍሎች ትስስር መስተካከሉና የሕዋሳት እድገት መነቃቃቱ ከነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ለማን ይሰጣል

ሕክምናው በተለይ ለሚከተሉት ይታሰባል፦

- ምግብና ውሃ ለሚያስተው፣ ራስን ለማጥፋት ለሚያደርስ ወይም ከቅዠት ጋር ለሚመጣ ከባድ ድባቴ፤
- ለካታቶኒያ፣ ማለትም ሰው ሳይናገር፣ ሳይንቀሳቀስ፣ እንዳስቀመጡት ሆኖ ለሚቀርበት ወይም ያለ ዓላማ እየተወራጨ ለሚደክምበት ሁኔታ፤
- በመድኃኒት ለማይበርድ ከባድ የባይፖላር ከፍታ (ማኒያ)፤
- መድኃኒት ላልረዳው ስኪዞፍሬንያ፣ ከመድኃኒት ጋር ተጨምሮ፤
- ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ሁኔታው ለእናቲቱና ለሕፃኑ አስጊ ሲሆን።

እርግዝና ብቻውን ሕክምናውን አይከለክልም። በአንጻሩ በአንጎል ውስጥ እጢ ወይም ከፍተኛ ግፊት ያለበት፣ በቅርቡ የልብ ድካም ወይም የአንጎል ደም መፍሰስ የገጠመው ሰው አደጋው ስለሚከብድ ጥንቃቄ የተሞላበት ውሳኔ ያስፈልገዋል። ለቀላል ድባቴ፣ ለጭንቀት፣ ለሱስ ወይም ከጦርነትና ከጥቃት በኋላ ለሚቀር የመንፈስ ጠባሳ ኤሌክትሮሾክ ዋና ሕክምና አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ሲዘልቅ የተጎዱት የላይ ጋይንት ነዋሪዎች የሚያስፈልጋቸው በአብዛኛው የምክር አገልግሎት፣ ጥበቃና የማኅበረሰብ ድጋፍ ነው። ከመካከላቸው ከባድ ድባቴ ውስጥ የገባና ምግብ ያቆመ ሰው ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ይሆናል።

ጥቅምና ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ ኤሌክትሮሾክ ለድባቴ ከማስመሰያ ሕክምናም ከመድኃኒትም የበለጠ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ለካታቶኒያ ደግሞ ከሁሉ ፈጣን ከሚባሉት መፍትሔዎች አንዱ ነው። የድባቴ መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ሲፈጅ የኤሌክትሮሾክ ለውጥ ከጥቂት ሕክምናዎች በኋላ ሊታይ ይችላል።

የተለመዱት ጎንዮሽ ጉዳቶች ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ከነቁ በኋላ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት መደናገር ናቸው። ሕመምተኞችን ይበልጥ የሚያሳስበው የመርሳት ችግር ነው። በሕክምናው ሳምንታትና ከዚያ በፊት ባሉ ወራት የሆኑ ነገሮች ሊዘነጉ ይችላሉ። አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ያለፉ አንዳንድ ትዝታዎች ግን ጨርሰው ላይመለሱ ይችላሉ። ኤሌክትሮዶቹን በቀኝ በኩል ብቻ ማድረግና አጫጭር ምቶችን መጠቀም ይህን ጉዳት ይቀንሳል። የሞት አደጋው በጣም ዝቅተኛ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የብዙ አገሮች መረጃ በ100,000 ሕክምናዎች 2 ገደማ ብሎ ገምቶታል። ይህ አኃዝ የሚሠራው ግን ማደንዘዣ፣ ኦክስጅንና ቁጥጥር ባለበት ነው።

ሕክምናው በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ከአንድ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነበር። ይህም በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ነው። ቼርሌቲና ቢኒ በሮም የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ባከሙበት ጊዜ አዲስ አበባም በጣሊያን አገዛዝ ሥር ነበረች። አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በመቆየቱ ከጎንደር፣ ከወሎ ወይም ከከፋ የመጣ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ይዞ የመዲናዋን መንገድ መያዝ ነበረበት።

ይህን ለመቀየር የተወሰደው ትልቅ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የተጀመረው የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና ነው። ተመራቂዎቹ በየክልሉ ሆስፒታሎች ተመድበው ከአዲስ አበባ ውጭ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን ከፈቱ። እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ የሥነ አእምሮ ሐኪም ለመሆን ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። በዚያ ዓመት ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር በመሆን በአእምሮ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ አገልግሎቱን ከአጠቃላይ የጤና ሥርዓቱ ጋር ማዋሐድን ዓላማው አድርጓል።

የሕመሙን ስፋት በተመለከተ የሚጠቀሰው በቡታጅራ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት የዳሰሰው ጥናት ነው። ጥናቱ ከ1,000 ሰዎች ውስጥ ወደ 5 የሚጠጉት በስኪዞፍሬንያ እንደሚያዙ አሳይቷል። ከተገኙት ሕመምተኞች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ኤሌክትሮሾክ የሚገኘው በላይኛው እርከን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ በመድኃኒት፣ በምክርና ሕመምተኛን ወደ ላይ በመላክ ላይ የሚያተኩር ሲሆን ኤሌክትሮሾክ ግን የስፔሻሊስት ሥራ ነው። ስለዚህ የታችኛው እርከን ዋና ድርሻ ሕክምናው ለማን እንደሚያስፈልግ አውቆ በጊዜ መላክ ነው።

ደብረ ታቦርና ደቡብ ጎንደር

ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከጉና ተራራ በስተምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። የከተማዋ ሆስፒታል ለዞኑ ወረዳዎች የሪፈራል ማዕከል ሲሆን የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ተማሪዎችም በዚሁ ሆስፒታል ይማራሉ።

ከስማዳ፣ ከጋይንት፣ ከእብናት ወይም ከእስቴ ገጠር የሚነሳ ሕመምተኛ በሕጉ መሠረት ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ወደ ደብረ ታቦር ይላካል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ወደሚገኙት የባሕር ዳር ሆስፒታሎች፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አማኑኤል ይሄዳል። ወንዝ በሚሞላበት ክረምት ወይም መንገድ በግጭት በሚዘጋበት ጊዜ እያንዳንዱ እርከን ቀናት ይጨምራል። ለብዙ ሕመሞች ይህ መዘግየት ማሰቃየት ነው፤ ውሃ ጭምር ላቆመ ሰው ግን በቀናት ውስጥ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው ደግሞ በእግሩ የረጋ ደም፣ በሳንባ ምችና በቁስል ይጎዳል።

በዚህ ምክንያት ኤሌክትሮሾክ በሌለበት ቦታ የሚሠሩ ሦስት ሥራዎች የሕመምተኛውን ዕድል ይወስናሉ።

የመጀመሪያው መንስኤውን መለየት ነው። በዳገቱ አገር ታይፈስና ግርሻ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ቆላማ ሜዳ ደግሞ ወባ ሰውን ሊያቃዡና እንደ እብደት ሊያስመስሉ ይችላሉ። የማጅራት ገትር፣ ኤች.አይ.ቪ. እና የእንቅርት ሕመምም እንዲሁ። እነዚህ በደም ምርመራና በአካል ምርመራ መለየት አለባቸው። ትኩሳት ያለበትን «ያበደ» ሰው ቀጥታ ወደ አእምሮ ክፍል መላክ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለተኛው ሕይወትን ማቆየት ነው። ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት፣ አስፈላጊ ሲሆን በቱቦ መመገብና ሕመምተኛውን ማገላበጥ ማንኛውም ሆስፒታል ሊሠራው የሚችል ነው።

ሦስተኛው ካታቶኒያን በመድኃኒት መሞከር ነው። ለካታቶኒያ የመጀመሪያው ሕክምና ሎራዜፓም ወይም፣ እሱ በሌለበት፣ መንቀጥቀጥን ለማስቆም በጤና ተቋማት የሚታወቀው ዲያዜፓም ነው። አንዳንድ ሕመምተኞች ቀናትን በዝምታ ካሳለፉ በኋላ መድኃኒቱን ባገኙ በሰዓታት ውስጥ ይናገራሉ፣ ይበላሉ። በአንጻሩ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች በካታቶኒያ ላይ ከተሰጡ ሁኔታውን ሊያባብሱና ለሕይወት አስጊ የሆነ ትኩሳትና የጡንቻ መድረቅ ሊያመጡ ይችላሉ። ኤሌክትሮሾክ የሚያስፈልገው ዲያዜፓም ወይም ሎራዜፓም ሳይሠራ ሲቀር ነው። የወሰደውም መድኃኒት በሪፈራል ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም እነዚህ መድኃኒቶች የኤሌክትሮሾክን መንቀጥቀጥ ያዳክማሉ።

በደጋ ከተማ ሕክምናውን ለመስጠት የሚታሰብ ከሆነ የከፍታውም ጉዳይ አለ። በ2,700 ሜትር ላይ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአንድ አራተኛ በላይ ያነሰ ነው። ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት መተንፈስን ለደቂቃዎች ስለሚያቆም አስቀድሞ በቂ ኦክስጅን መስጠት ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል። የኤሌክትሮሾክ መሣሪያው ራሱ ትንሽ ኃይል ቢበቃውም የኦክስጅን ማምረቻው፣ የመምጠጫ መሣሪያውና መቆጣጠሪያዎቹ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ጄኔሬተር ይፈልጋሉ። ስለዚህ የአገልግሎቱ ወጪ በዋናነት የማደንዘዣ አገልግሎት ወጪ ነው ማለት ይቻላል።

የማኅበረሰቡ አመለካከት

በደቡብ ጎንደር እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ፣ በድንገት ዝም ያለ ወይም የተለወጠ ሰው ልክፍት፣ ዛር፣ ቡዳ ወይም ርኩስ መንፈስ ያዘው ይባላል። ቤተሰቡም በቅድሚያ ወደ ጸበል ይወስደዋል። ከጸበሉ ሌላ በደራ ወረዳ እንደሚገኘው ዋንዛዬ ያሉ ፍል ውሃዎችም ፈውስ ፈላጊዎችን ይስባሉ። ጸበል ቦታ ሕመምተኛው ከሰው ጋር የሚኖርበት፣ የሚጸለይለትና የማይገለልበት ስፍራ በመሆኑ ለቤተሰብ ትልቅ መጽናኛ ነው። ችግር የሚፈጠረው ሕመምተኛው መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ ሲደረግ፣ በሰንሰለት ታስሮ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ወይም ምግብና ውሃ ያቆመ ሰው ሱባዔው እስኪያልቅ ሲጠበቅ ነው።

ጸበልና መድኃኒት ጎን ለጎን መሄድ እንደሚችሉ ከቤተ ክርስቲያኒቱ አመራር የተነገረበት ጊዜ አለ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጸበል እየጠጡ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ አስታውቀዋል። በእንጦጦ ማርያምም የሥነ አእምሮ ባለሙያዎችና አጥማቂዎች አብረው የሠሩበት ልምድ በጥናት ቀርቧል። ለኤሌክትሮሾክ ግን አንድ ተግባራዊ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጸበል በተለምዶ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። በሕክምናው ዕለት ጠዋት የተጠጣ ጸበልም ሆነ ሌላ ውሃ ለማደንዘዣ አደገኛ ስለሆነ ለባለሙያው መነገር አለበት። ጸበሉ ሕመምተኛው ከነቃና መዋጥ ከቻለ በኋላ ሊጠጣ ይችላል።

ሌላው የሚነሳው የሚጥል በሽታ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚንቀጠቀጥን ሰው መንካት ይፈራል፤ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተትም የተለመደ ነው። መንቀጥቀጥን ለማስቆም እንዲህ ለሚደክም ቤተሰብ ሐኪም ሆን ብሎ መንቀጥቀጥ ያስነሳል መባሉ እንግዳ ነገር ይሆንበታል። በኤሌክትሮሾክ የሚነሳው መንቀጥቀጥ ሕመምተኛው ተኝቶ፣ ኦክስጅን እያገኘ የሚፈጠርና በራሱ የሚቆም እንደሆነ፣ ሕመምተኛውንም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንደማያደርገው ለቤተሰቡ በግልጽ ማስረዳት ያስፈልጋል።

«አራስ ብቻዋን አትተውም» የሚለው ልማድ ደግሞ ለሕክምናው የሚያግዝ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ከባድ የአእምሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። አራሷ አጠገብ ያሉ ሴቶች እንቅልፍ ማጣቷን፣ መደናገሯንና ሕፃኑን መፍራቷን ከማንም በፊት ያያሉ። ይህን እንደ አስቸኳይ ሕመም ማወቃቸው ሁለት ሕይወት ያድናል።

ፈቃድና መብት

ኤሌክትሮሾክ ከሕመምተኛው ፈቃድ ውጭ መሰጠት የለበትም የሚለው መርህ በብዙ አገሮች ሕግ ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ መጽሐፉ ሕክምናው በፈቃድ ብቻ እንዲሰጥና ያለ ማደንዘዣና ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት መስጠት እንዲቆም መክሯል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንደማንኛውም ሰው በፈቃዳቸው እንዲታከሙ ይደነግጋል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ሕመምተኛው መናገር ሲያቅተው ነው። በገጠር ውሳኔው ብዙውን ጊዜ የአባት፣ የባል ወይም የታላቅ ወንድም ይሆናል። የሚመከረው በዲያዜፓም ወይም በሎራዜፓም ሕመምተኛው እንዲናገር መሞከር፣ ከተናገረ ራሱን መጠየቅ፣ ካልተቻለ በጤንነቱ ጊዜ ይፈልገው የነበረውን ከቤተሰቡ መረዳት፣ የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት መጨመርና እንደነቃ ፈቃዱን እንደገና መጠየቅ ነው። የፈቃድ ወረቀት ላይ መፈረም ብቻውን በቂ አይደለም። ሕክምናው ምን እንደሆነ፣ ስለ መርሳት፣ ስለ አማራጮችና በማንኛውም ጊዜ ማቆም እንደሚቻል ሕመምተኛው በሚገባው አማርኛ ሊነገረው ይገባል።

ከሕክምናው በኋላ

ኤሌክትሮሾክ ሕመሙን ያነሳል እንጂ እንዳይመለስ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በኤሌክትሮሾክ ከድባቴ የዳኑ ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታትሏል። ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 84 በመቶ፣ ኖርትሪፕቲሊን ከወሰዱት 60 በመቶ፣ ኖርትሪፕቲሊንና ሊቲየም አብረው ከወሰዱት ደግሞ 39 በመቶ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ ያለው መድኃኒትና ክትትል ከሕክምናው ያነሰ ዋጋ የለውም።

ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ታክሞ ወደ ስማዳ ወይም ወደ ታች ጋይንት የሚመለስ ሰው መድኃኒቱን በየወሩ የሚያገኝበት ቅርብ ቦታ ያስፈልገዋል። በዚህ ረገድ የደብረ ታቦር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልና የወረዳ ሆስፒታሎች ድርሻ ትልቅ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ በደቡብ ጎንደር የሚገኘው ፎገራ ነበር። መድኑ የሕክምና ወጪን ያቃልላል፤ ሆኖም አባሉ የሪፈራል እርከኑን ጠብቆ መሄድ አለበት። የትራንስፖርት፣ የአልጋና የአስታማሚ ወጪ ግን በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ከሆስፒታል ሲወጣ ምን ሕክምና እንዳገኘ፣ ስንት ጊዜ እንደታከመና የትኛውን መድኃኒት እንደሚቀጥል የሚገልጽ ጽሑፍ መያዝ፣ ለመንደሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ማሳወቅ ሕመሙ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያተርፋል።